«እምቢ» የማይባልበት ጉዞ

አክስቴን ባሕር ማዶ የላክኋት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከሰፈራችን ርቄ የማውቀውም ሁለት የፊት ጥርሶቼን ልነቀል የሄድኩ ቀን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሁሉም የየድርሻውን ያወራል፤ አንዱ ደብዳቤ አመላለስኩ ይላል፣ ሌላው ሻንጣ ተሸከምኩ ይላል። ይበሉ። ነገሩን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ምን እየጨረስኩ እንደነበር አለማወቄ ውለታዬን አይቀንሰውም።

እናትና አባቴ ሥራ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው አያቶቼ ዘንድ ነበር። አያቶቼ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። የቤታቸው ፊት የስፌት ቤት፣ ጀርባው መኖሪያ ሲሆን፣ በመካከሉ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ አለ። እማማ የምላት ሴት አያቴ ቆራጭ ነበረች። መቀሷ ከክንዴ ይረዝማል፤ ጨርቅ ላይ ስታሳርፈው ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ አንዴ ከቆረጠች ደግሞ ቆረጠች ነው። አባባ፣ ወንድ አያቴ፣ በስፌት መኪናው ይሰፋል፤ ፔዳሉን ከሚረግጥበት እግሩ ይልቅ ምላሱ ይፈጥናል። የመጨረሻ ልጃቸው አክስቴ ትተኩሳለች፣ ትዘመዝማለች፣ ሁለቱ ያበላሹትን በዝምታ ታስተካክላለች። እኔ እታለም እላታለሁ። እነሱ ደግሞ እኔን «መርፌ» ይሉኛል። ስለቀጠንሽ ነው ይላሉ፤ እኔ እንደማውቀው ግን የማልገባበት ነገር ስለሌለ ነው።

የሚሰፉት የደንብ ልብስ ነው፤ የተማሪ፣ የአስተናጋጅ፣ የነርስ። የደንብ ልብስ ማለት ደግሞ ቁልፍ ማለት ነው። መቶ ሸሚዝ ስምንት መቶ ቁልፍ ይፈልጋል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል የሚወድ ሰው ደግሞ በዚያ ቤት አልተፈጠረም። ጉዞው የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዓይን መድከም ሲጀምር፣ በየተራ አንዳችን መሪ እንሆናለን። መሪው አገር ይመርጣል፤ ሌሎቻችን ሥራችንን እየሠራን ምን ለብሰን እንደምንሄድ፣ በምን እንደምንሳፈር፣ እዚያ ስንደርስ ምን እንደምናይ እንጨምርበታለን። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መሪው የፈለገውን ቢል «እምቢ» ወይም «አይሆንም» አይባልም፤ ይህን ያለ ሰው የዕለቱን ቁልፍ ብቻውን ይተክላል። ሁለተኛ፣ ጉዞ ላይ በተባለ ነገር ከጉዞ በኋላ መቀየም የለም። አባባ በሁለተኛው ሕግ ተማምኖ የእማማን ታላቅ እኅት ሦስት ጊዜ ወደብ ላይ ጥሏት ሄዷል።

ዓለም የምትሣለው በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ነበር። አባባ ከከተማው ወጥቶ ባያውቅም የባሕሩን ዳርቻ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ይሥለዋል። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ርቀት ይለካል። «ጃፓን አርባ ሁለት ሳንቲም ናት። ቁርሳችንን በልተን ብንነሣ ለምሳ እንደርሳለን።» ብራዚልን ከጃፓን አጠገብ ነበር የሚያስቀምጣት፤ አድጌ በጂኦግራፊ የወደቅሁት በእሱ ነው። የሚቆረጥ ጨርቅ ሲመጣ እማማ ዓለምን በብሩሽ ጠራርጋ ታጠፋታለች። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠፋለች፤ አባባ ግን ተስፋ ቆርጦ አያውቅም።

የሰፈሩ ፖስተኛ ደብዳቤ አድሎ ሲጨርስ ለሻይ ይመጣና ከደፉ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ አብሮን ይጓዛል። ያን ዓመት ከአክስቴ ጋር ጥግ ይዞ መንሾካሾክ ጀምሮ ስለነበር ሊያገባት እንደሆነ ደርሼበት ነበር። ለሁለት ጎረቤቶችም በምስጢር ነግሬያለሁ። ለካስ በስሟ የሚመጣላትን ደብዳቤ እናቷ ሳታይ በእጇ እየሰጣት ነው። ምስኪኑ ሚስቱ ለምን እንዳኮረፈችው ሳያውቅ ስንት ጊዜ ከረመ።

ስለ ጉዞው አንድ ነገር ልናዘዝ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስድስት ዓመቴ ላይ አባባ «ቅዳሜ ጠዋት በመርከብ ወደ ሊዝበን» ሲል ሰምቼ፣ ቅዳሜ በማለዳው ትራሴን፣ አንድ ማንኪያና መምህሬ «ጎበዝ» ብላ የጻፈችበትን ደብተር በከረጢት ይዤ የስፌት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩን የያዝኩት ማን ነሽ ብለው ቢጠይቁኝ ላሳይ ነው። ያገኘኝ ፖስተኛው ነበር።

«ወዴት ነው በማለዳ?»

«ሊዝበን። መርከቡ ዘገየብኝ።»

ባሕር ከእኛ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ፖስተኛ ደግሞ የማይደርስበት ቤት የለም። ለአንድ ዓመት ያህል ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ ባለሱቁ «መርከቡ መጣ?» ይለኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ያኔ ማልሁ፤ ስለ መንገድ የሚነገረኝን አንዲት ቃል ዳግመኛ ላላምን።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስደርስ የእማማን ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። «አይሆንም ብያለሁ፤ አይሆንም።» ስገባ አክስቴ ፊቷ ቀልቶ ቆማለች፤ ከፊት ለፊቷ የነርስ ሱሪ ተዘርግቷል፤ ጉልበቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሱሪ አቃጥላለች።

ከዚያ ቀን በኋላ እናትና ልጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። «አክስትሽን ነጩን ክር አቀብዪኝ ትላለች በያት።» «እናቴን ነጩ አልቋል በያት።» ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። ለአንድ ሱሪ ይህን ያህል መኳረፍ በዛብኝና እማማን «ሌላ ብንሰፋላቸውስ?» አልኳት።

«ሱሪማ ይሰፋል» አለችኝ።

አክስቴ ካውያውን ሱሪው ላይ የረሳችው እናቷን ልታስፈቅድ ስትለምን እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ባሕር ማዶ የልብስ ንድፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ ወጪዋንም ይችላል። እማማ ደግሞ ዓይኗ ደክሟል፤ መርፌ የማስገባላት እኔ ነበርኩ። መቀሱን የምታስረክበው ለዚህች ልጅ ነው ብላ ስትጠብቅ ኖራለች። ስለዚህ ቆረጠች፤ እማማ ከቆረጠች ደግሞ ያው ነው።

ካፖርቱን ያገኘሁት እንደ ልማዴ የማይመለከተኝ ቦታ ገብቼ ነው። ከገበር ጨርቅ ሣጥኑ ሥር፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ከባድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ተቀምጧል። በኛ አየር እንዲህ ያለ ነገር የሚለብስ የታመመ ሰው ብቻ ነው። ለብሼው መጋረጃው ውስጥ መስተዋት ፊት ስንጎራደድ አክስቴ ገባች።

«አውልቂው፤ ቀስ ብለሽ» አለች።

«የማነው?»

«የኔ።»

«ይሞቅሻል እኮ።»

ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። በረዶ ያለበት አገር ነው። ሁለት ዓመት ትቆያለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄድና ከዚያ በአውሮፕላን ትሳፈራለች። «እማዬን ለምኛት እምቢ ብላኛለች። ደብዳቤ ትቼላት ልሄድ ነው። ሳትመርቀኝ መሄዴ አንጀቴን ይበላዋል፤ ግን ካልሄድኩ በሕይወቴ ሁሉ ቁልፍ ስተክል ነው የምኖረው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ጆሮዬን ቀስሬ ሰማኋት። ከዚያ ባለኝ ጥርስ ፈገግ ብዬ ጠቀስኳት።

«ገባኝ» አልኳት።

«ምኑ ነው የገባሽ?»

«ሁሉም። ዝሆን አለው?»

«የምን ዝሆን? በረዶ ነው ያለው።»

«ጨምሪበት። ያለ ዝሆን ማንም አያምንሽም።»

እሷ የመሰላት ልጅቷ ደንግጣ ትቀባጥራለች ነው። እኔ ደግሞ ለተራዋ እየተለማመደች መስሎኝ ነበር። መሪ የሚሆን ሰው አስቀድሞ ያስባል፤ እንዲያውም አባባ አንድ ጊዜ ለግብፅ ጉዞ ብሎ ከካርቶን ፒራሚድ ሠርቷል። ካፖርት መስፋት ግን ከሁሉም በላይ ነው። አደነቅኋት።

«አታዝኚም?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«በስድስት ዓመቴ ቢሆን አዝን ነበር» አልኳት።

ምስጢሩን አሥራ ሁለት ቀን ጠበቅኩት። በዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ ቆይታ አላስታውስም። አሥራ ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነበር። አራት ደርዘን የአስተናጋጅ ጃኬትና መቶ የተማሪ ሸሚዝ ተከምሯል፤ ቁልፉ በቆርቆሮ ሞልቶ ይጠብቃል። አባባ ጠመኔውን አንሥቶ ጃፓንን ሊጀምር ሲል እማማ ቀና አለች።

«ዛሬ መርፌ ትምራን።»

ተራው የእኔ አልነበረም፤ የተዘጋጀሁትም ነገር የለም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፖስተኛው «የመርከቧ እመቤት፣ እንግዲህ ወዴት?» አለ፤ ያቺ መርከብ ዛሬም አልቀረችልኝም። እልህ ያዘኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የአክስቴን ጉዞ ሰረቅኩ።

«ዛሬ የምትሄደው እታለም ናት» አልኩ። «ብቻዋን።»

የካውያው ድምፅ ቆመ። አባባ «ወዴት?» ብሎ ጎንበስ አለ።

«በረዶ ወዳለበት። ወደ ላይ ሣል። ከዚያም ወደ ላይ። የልብስ ትምህርት ቤት ገብታለች። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዳ በአውሮፕላን ትሳፈራለች። ለእማማ አልነገረቻትም፤ ደብዳቤ ትታላት ነው የምትሄደው።»

ፖስተኛውን ሻዩ ትን አለው። የሚሸት ነገር መጣ፤ አክስቴ ሸሚዝ እያቃጠለች ነው። ማንም ካውያውን አላነሣም። አባባ ጠመኔውን እንደያዘ ከጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ ቀረ። እማማ ደግሞ መቀሷን ጨርቁ ውስጥ እንዳስገባች አልቆረጠችም፣ አላወጣችም።

እንደዚያ የተሳካ ጉዞ መርቼ አላውቅም። የልብ ልብ ሰጠኝ።

«እማማ፣ ዝም ማለትም እምቢ ማለት ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረንም፤ እዚያው ነው የደነገግሁት። «ቁልፉን ብቻሽን ነው የምትተክዪው።»

እማማ መቀሱን አውጥታ አስቀመጠች። አክስቴን አላየቻትም። እኔን ነው ያየችው።

«ስንት ጊዜ ነው የምትቆየው?»

«ሁለት ዓመት።»

«ማን ይቀበላታል?»

ይህን አክስቴ አልነገረችኝም። «ንጉሡ» አልኩ።

«ትምህርት ቤቱ ሰው ይልካል» አለች አክስቴ ከኋላዬ።

«ንጉሡ የላከው ሰው» ብዬ አስተካከልኩላት።

«የት ነው የምታድረው?»

«ቤተ መንግሥት።»

«ሴቶች ብቻ የሚኖሩበት ማደሪያ አለ። የየራሳችን ክፍል፣ የየራሳችን ቁልፍ ያለው በር» አለች አክስቴ።

እማማ አሁንም እኔን እያየች «ብትታመምስ?» አለች። ሐኪምም አለ፤ ለተማሪ በነፃ ነው። እንደ ሱሪው ጊዜ ሁሉ ጥያቄው በእኔ በኩል ይሄዳል፣ መልሱ በላዬ ላይ ያልፋል። አክስቴ በጨዋታው እንዲህ ጎበዝ መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ብርዱስ?»

«ካፖርት አላት!» አልኩ። «ከገበር ሣጥኑ ሥር።»

«አምጪው።»

አመጣሁት። እማማ ዓለም በተሣለችበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ ገበሩን ገለበጠች፣ ዓይኗ አላደርስ ስላላት ስፌቱን በጣቷ ዳበሰችው። ኮሌታውን አየች፣ ጠርዙን አየች፣ እጅጌው ላይ ቆመች።

«ብብቱ ጠብቧል» አለች። «ብርድ አገር ከውስጥ ሹራብ ይደረባል። በዚህ ክንዷን ማንሣት አትችልም።» ከዚያ ትንሿን መቀስ አንሥታ ስፌቱን ፈታችው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጇ ዞረች። «ነይ ቁሚ፤ ልለካሽ።»

አክስቴ ቆመች። እማማ ሜትሩን በብብቷ ሥር አዙራ ስትይዝ አክስቴ አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም፣ እንባው ግን እማማ እጅ ላይ ይወርድ ነበር። አሳዘነችኝ። «አታልቅሺ» አልኳት፤ «የተበላሸው ብብቱ ብቻ ነው። ኮሌታው ጥሩ ነው።» አባባ ተነሥቶ ክር ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣ። ክር በጓሮ አልነበረንም።

ያን ቀን ሲመሽ እማማ የቁልፉን ቆርቆሮ ወደራሷ ሳበች።

«አንቺ እኮ አልተሸነፍሽም» አልኳት። «እምቢ አላልሽም።»

«በሆዴ ብያለሁ» አለች፤ ክሩንም እንዳስገባላት መርፌውን ዘረጋችልኝ።

እኔም ሁሉንም ያታለልኩ መስሎኝ ለብዙ ዓመት ስኩራራ ኖርኩ። እማማ ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት፤ ካፖርቱን ከዚያ በፊት ታውቅ ኖሯል?

«ከጣቃዬ ላይ ሦስት ሜትር ሱፍ ሲጎድል የማላውቅ ምን ዓይነት ቆራጭ ነኝ?» አለችኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ተራው የአባባ አልነበረም?»

«የአባባሽ ጉዞ ሁልጊዜ ጃፓን ነው» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ጉዞው መቀጠሉ አላስገረመኝም። ሻንጣ ነበር፤ እውነተኛ። ፖስተኛው ተሸክሞታል። ለእኔ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ከሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ስለሆንኩ ምን ያስረዱኛል? እማማ በር ላይ የካፖርቱን ትከሻ በብሩሽ ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስም ደግማ ጠረገች። «በደህና ያግባሽ። ያየሽው ሁሉ ያማረ፣ የያዝሽው ሁሉ የሰመረ ይሁን። በደህናም ይመልስሽ» አለች። አክስቴ በዚያ ሙቀት ካፖርቷን ለብሳ፣ ላቧ እየተንጠባጠበ፣ አሜን አለች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰፈሩ ወጥቷል። በሊዝበን ምክንያት የሳቁብኝ ሁሉ ነበሩ፤ ዛሬ ማን እንደሆንኩ ላሳያቸው ወሰንኩ። እሪ ብዬ አለቀስኩ። እንባ እምቢ ሲለኝ ምራቄን ቀባሁ። «አይ የልጅ አንጀት» አለች አንዲት ጎረቤት፤ ባለሱቁ መነጽሩን አወለቀ። አክስቴ ወደ ደረቷ አጥብቃ አቀፈችኝ።

«በአንቺ ነው የምሄደው» አለች ጆሮዬ ውስጥ።

«ሳቅሽ እንዳያመልጥሽ» አልኳት እኔም ጆሮዋ ውስጥ።

ማታ እናትና አባቴ ወሰዱኝ። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት ቤቱ እንደወትሮው ነበር፤ አባባ ይሰፋል፣ እማማ ጨርቅ ላይ ጎንብሳለች። ያልተተኮሰ ሸሚዝ ወንበሩን ሞልቶ ወደ መሬት ፈሷል። ካውያውን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል።

«እታለምን የት ደበቃችኋት?»

አባባ ፔዳሉን መርገጥ አቆመ። መጋረጃውን ገለጥኩ፤ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ፤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ከገበር ሣጥኑ ሥር አሮጌው አንሶላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስወጣ እማማ ወንበር ስባ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ሄዳለች» አለች።

«የት?»

«ያልሽው ቦታ።»

ፊቷን አየሁት። እማማ በጉዞ ጊዜ የሚኖራት ፊት አለ፤ ያ ፊት አልነበረም። ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ ሻንጣው፣ ላቧ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያለችኝ። በምራቄ ነው የሸኘኋት።

«ለምን እምቢ አላልሽም?» ብዬ ጮህኩባት። በእማማ ላይ ጮሄ አላውቅም። «አይሆንም አትያትም ነበር?»

«አንቺው አይደለሽም እንዴ የከለከልሽኝ?»

አለቀስኩ። ሐሙስ ዕለት ለሰፈሩ ካሳየሁት ጋር አይመሳሰልም፤ ትንፋሽ ያሳጣኝ ነበር። ጭኗ ላይ ተደፋሁ፤ እሷም ራሴን ዳበሰች። ሲወጣልኝ አፍንጫዬን በቀሚሷ ጠርጌ ቀና አልኩ። አንድ ዘዴ ታይቶኝ ነበር።

«እንግዲያው አሁን እለውጠዋለሁ» አልኳት። «ሁለት ዓመት ያልኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ሳምንት ነው።»

እማማ ጠመኔ በነካው አውራ ጣቷ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

«መለወጥ ቢቻልማ ልጄ፣ አንቺን ሳልጠብቅ እኔው እለውጠው ነበር» አለችኝ።